ዛፍ ውሃ ያመጣል ወይስ ይጠጣል? የኖራ ድንጋይ ምድር ምን ይላል

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በአባይ በረሃ የወረደ ሰው የገደሉን ግድግዳ ሳያይ አያልፍም። አናቱ ላይ ጥቁሩ ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲሉ ነጣ ያለ፣ እንደ እንጀራ የተነባበረ ድንጋይ ይመጣል። ይህ የኖራ ድንጋይ ነው። ሙገርም፣ መቀሌም፣ ድሬዳዋም ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ይህ ድንጋይ በቅርብ ስላለ ነው። ባሌና ሐረርጌም ሞልቷል። ትግራይ ውስጥ መቀሌን ዙሪያውን ከቦ ሰፊ መሬት ይዟል።

ይህ ድንጋይ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። የጠጣውን ዝናብ አያስቀምጥም። ሌሊቱን ዶፍ ወርዶበት ያደረ ማሳ ከጥቂት ቀን በኋላ አቧራ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለው መሬት ተራቁቶ ከቆየ በኋላ እንደገና ሣር፣ ቁጥቋጦና ዛፍ ብናለብሰው አፈሩ እርጥበት ያገኛል ወይስ የነበረውንም ያጣል? ትምህርት ቤት ሳለን "ዛፍ ውሃ ያመጣል" ተብለን አድገናል። ገበሬውን ስትጠይቁት ደግሞ "ባህር ዛፍ ምንጬን አደረቀብኝ" ይላችኋል። ሁለቱም አልዋሹም። ግን ሁለቱም የታሪኩን ግማሽ ነው የያዙት። በየክረምቱ ይህን ያህል ችግኝ የምንተክል ሰዎች ሌላውንም ግማሽ ብናውቀው ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚሟሟ ድንጋይ

የኖራ ድንጋይ በውሃ የሚሟሟ ድንጋይ ነው። ማመን ካቃታችሁ በሚስማር ፋቅ ፋቅ አድርጉትና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጭመቁበት። ይፍለቀለቃል። ዝናብም የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ በጣም ቀስ ብሎ እንጂ። ዝናቡ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። አፈር ውስጥ ሲገባ ሥሮችና ጥቃቅን ነፍሳት ያስተነፈሱት ተጨማሪ ጋዝ ይጠብቀዋል። እጅግ የቀጠነ አምቦ ውሃ ሆነ ማለት ነው። በስንጥቅ ሲያልፍ ድንጋዩን ይበላዋል። ስንጥቁ ይሰፋል፣ በረጅም ዘመን ቦይ ይሆናል፣ ከዚያም ዋሻ። ባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ እንዲህ ነው የተሠራው። የወይብ ወንዝ ከነሙላቱ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ተለክቶ የታወቀው የዋሻው መንገድ ርዝመት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እንዲህ የተቦረቦረ የኖራ ድንጋይ ምድር በዓለም ላይ "ካርስት" ይባላል። ስሙ የመጣው በስሎቬኒያና በጣሊያን ድንበር ላይ ካለ አንድ አምባ ነው።

አሁን አፈሩን እንይ። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ ሲፈርስ ፍርስራሹ ራሱ አፈር ይሆናል። የኖራ ድንጋይ ግን ሲፈርስ አብዛኛው አካሉ ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይሄዳል። የሚቀረው ድሮ ባሕር ውስጥ ሲሠራ የተቀላቀለበት ጥቂት ጭቃ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ለማግኘት ብዙ ጊዜ ሺዎች ዓመታት ያስፈልጋሉ። የኖራ ድንጋይ ተዳፋት ላይ ያለ አፈር አንዴ ከሄደ ለልጅ ልጅም አይተካም። ስለ እርጥበት የምናወራው ሁሉ እዚህ ላይ ይንጠለጠላል። አፈር ከሌለ እርጥበት የሚቀመጥበት ዕቃ የለም።

ቀለል ያለ ስሌት እናድርግ። መልካም አፈር ተክል ሊጠጣው የሚችለውን ውሃ ከይዘቱ 15 በመቶ ያህል ሊይዝ ይችላል እንበል። የአፈሩ ጥልቀት 2 ሜትር ከሆነ 300 ሚሊ ሜትር ውሃ ተቀምጧል ማለት ነው። ተክሉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ ሁለት ወር ይቆየዋል። የኖራ ድንጋይ ተዳፋት ላይ ግን ብዙ ጊዜ አፈሩ 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። 30 ነው ብንል 45 ሚሊ ሜትር ውሃ ነው። ዘጠኝ ቀን! በአሥረኛው ቀን ዝናብ ካልመጣ ቅጠሉ መጠውለግ ይጀምራል። ለዚህ ነው ዝናብ እየዘነበ ድርቅ የሚመታው።

ሰማይ የማይጠራበት፣ ውሃ የሚጠፋበት አገር

ይህን ነገር በዓለም ላይ በትልቁ ያየችው የደቡብ ምዕራብ ቻይና ናት። ጉዪጆ፣ ጓንግሺ እና ዩናን የሚባሉት ግዛቶች ብዙው መሬታቸው ካርስት ነው። ሾጣጣ ኮረብቶቹን በፎቶ ሳታዩዋቸው አትቀሩም። ስለ ጉዪጆ አንድ የቆየ አባባል አለ። "ሦስት ቀን የጠራ ሰማይ የለም፣ ሦስት ጫማ ሜዳ የለም፣ ሰው ኪስ ውስጥም ሦስት ሳንቲም የለም" እንደማለት ነው። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ። እንደዚያም ሆኖ የመጠጥ ውሃ ሲቸግራቸው ኖሯል። ዝናቡ ወርዶ፣ አፈሩን አልፎ፣ ድንጋዩ ውስጥ ይሰወራል። ወንዙ ከእግራቸው ሥር በጥልቅ ዋሻ ይፈሳል። ድምፁን እየሰሙ መቅዳት አይችሉም።

ሕዝብ ሲበዛ ተዳፋቱ ታረሰ። እንጨቱ ለማገዶ ተቆረጠ። በሁለት ድንጋይ መሐል ባለ አንድ ቁና አፈር ላይ ጥቂት ፍሬ በቆሎ ይዘራ ነበር። አፈሩ ታጠበና ነጩ ድንጋይ ገጦ ወጣ። ቻይናዎች ይህን "የድንጋይ በረሃ መሆን" ይሉታል። ስሙ ትክክል ነው። በረሃ የሆነው ዝናብ አጥሮት አይደለም፣ ዝናቡን የሚይዝለት አጥቶ ነው። አፈሩ የሚሄደው በጎርፍ ብቻ አለመሆኑም ልብ ይባል። ከፊሉ በስንጥቆቹ ወደ ታች ይሰርጋል። እርከን ሠርታችሁም ከሥር የሚያመልጥ አፈር አለ። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ማመን አቅቶኝ ነበር።

መንግሥት ከ1999 ጀምሮ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ተዳፋት እርሻን ወደ ደንና ሣር የመመለስ ትልቅ ፕሮግራም አወጣ። ገበሬው እርሻውን ሲተው እህልና ገንዘብ ይሰጠው ነበር። በ2008 ደግሞ ለድንጋይ በረሃ ብቻ የተለየ ሥራ በ100 ወረዳዎች ተጀመረ። በመንግሥት ቆጠራ መሠረት በ2005 ወደ 13 ሚሊዮን ሄክታር የነበረው የድንጋይ በረሃ በ2021 ወደ 7.2 ሚሊዮን ሄክታር ወርዷል። 13 ሚሊዮን ሄክታር ከኢትዮጵያ ጠቅላላ ስፋት ከአሥር አንድ እጅ ይበልጣል። የሳተላይት ምስሎችም አካባቢው በግልጽ አረንጓዴ እየሆነ መምጣቱን ያሳያሉ።

ግን አረንጓዴ መሆን እና እርጥብ መሆን አንድ አይደሉም። ከ2009 መጸው እስከ 2010 ጸደይ ከባድ ድርቅ መጣና በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚጠጣው አጣ። ከዚያ በኋላ የተመራማሪዎቹ ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘ። የተተከለው ተክል አፈሩን ምን እያደረገው ነው?

ተክል የሚወስደው፣ ተክል የሚሰጠው

ከሚወስደው እንጀምር። ዝናብ ሲዘንብ የመጀመሪያው ጠብታ የሚያርፈው ቅጠል ላይ ነው። ከፊሉ እዚያው ተንኖ ይመለሳል፣ መሬትን ሳይነካ። ካፊያ ከሆነ ጭርሱን ላይደርስ ይችላል። ከዛፍ ሥር ተጠልላችሁ ካፊያ ያሳለፋችሁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ። እናንተ ያልረጠባችሁበት ዝናብ አፈሩንም አላረጠበውም። ከዚያ ሥሩ አለ። ሥር ውሃ ይስባል፣ ቅጠል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይለቅቀዋል። የተክል ላብ ብትሉት ያስኬዳል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የማያራግፍና ቶሎ የሚያድግ ዛፍ፣ ባህር ዛፍን የመሰለ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልበዋል። ከሥሩ ያለው ዕቃ 45 ሚሊ ሜትር የምትይዝ ከሆነች ሌላው ቀላል ነው። ያልቃል።

የሚሰጠው ደግሞ ለዓይን ስለማይታይ ብዙ ጊዜ አይቆጠርለትም። እኔ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው እላለሁ።

በባዶ አፈር ላይ የዝናብ ጠብታ እንደ መዶሻ ነው። አፈሩን ይደቁሰዋል፣ የላመው ጭቃ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ላዩ እንደ ልስን ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝናብ መግቢያ ያጣና ጎርፍ ይሆናል። የረገፈ ቅጠልና ሣር ይህን መዶሻ ያበርዱታል። ቅጠሉ ሲበሰብስ ምስጡ፣ ትሉ፣ ጉንዳኑ ይመጣል። አፈሩን ይቦረቡሩታል። የሞተ ሥር ሲበሰብስ ቱቦ ትቶ ይሄዳል። ውሃው በዚህ ሁሉ ይገባል። ብስባሹ ራሱም እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል። የኖራ ድንጋይ አፈር እዚህ ላይ አንድ በረከት አለው። በውስጡ የበዛው ካልሲየም ብስባሹንና ሸክላውን አያይዞ ጠንካራ እንክብሎች ይሠራል። ባዶ ሲሆን የሚጎዳን ድንጋይ፣ ተክል ሲያገኝ ብስባሹን አጥብቆ ይዞ ይረዳናል። ጥላም አለ። ፀሐይ በቀጥታ ያልመታው አፈር ላዩ ቶሎ አይደርቅም።

ስለዚህ የአፈሩ እርጥበት የሁለት እጆች ትግል ውጤት ነው። አንዱ ይወስዳል፣ አንዱ ያስገባል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ዕድሜ ነው። ችግኝ በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሬቱ ተቆፍሯል፣ "አረም" የተባለው ሣር ተነቅሏል፣ ችግኙ ጥላ የለውም፣ የሚረግፍ ቅጠልም የለውም። አፈሩ ከበፊቱ ይብስ ሊደርቅና ሊታጠብ ይችላል። ከዚያ ዛፉ የሚመነደግበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ ጥማቱ ከባድ ነው። ቅጠልና ብስባሽ እየተከማቸ ሲሄድ ነው ሚዛኑ ወደ መስጠት የሚያጋድለው። በአምስተኛው ዓመት የለካ ሰው "ዛፍ አደረቀው" ይላል። በሠላሳኛው ዓመት የለካው "ዛፍ አረጠበው" ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት።

ጥልቀትም ይወስናል። ላይኛው 10 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ነው። ጥላውም፣ ብስባሹም፣ የረገፈው ቅጠልም እዚያ ስለሆነ። ከታች ግን ሌላ ታሪክ ሊኖር ይችላል። በሰሜን ቻይና ባለው የቢጫ አፈር አምባ፣ አፈሩ በአሥር ሜትሮች ውፍረት ያለው ደረቅ አገር ነው፣ የተተከሉት ዛፎች ሥራቸውን ወደ ታች ሰድደው ጥልቁን አፈር አድርቀውታል። የኖራ ድንጋይ ምድር እንደዚያ ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም ጥልቅ አፈር የለም። ሥሩ ትንሽ እንደወረደ ድንጋይ ይገጥመዋል።

እዚህ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። ሥሩ ድንጋዩን ሲያገኝ አይቆምም። ስንጥቅ ፈልጎ ይገባል። ከአፈሩ በታች ያለው፣ ጥቂት ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋዩ ቆዳ በስንጥቅና በቀዳዳ የተሞላ ነው። "ኤፒካርስት" ይባላል። ክረምት የገባው ውሃ ሁሉ በአንዴ ወደ ዋሻው አይወርድም። ከፊሉ በዚህ ቆዳ ውስጥ፣ በጭቃ በተደፈኑ ስንጥቆች ተይዞ ይቆያል። በአንድ የዛፍ ግንድ ውስጥ ያለ ውሃ ከየት እንደተጠጣ በውሃው ቅንጣቶች የክብደት ልዩነት ማወቅ ይቻላል። በጓንግሺ ሁዋንጂያንግ ባለው የቻይና ሳይንስ አካዳሚ ጣቢያ በዚህ ዘዴ ብዙ ተሠርቷል። በበጋ አንዳንድ ዛፎች የሚጠጡት ከአፈሩ ሳይሆን ከድንጋዩ ቆዳ ነው። ጥልቅ ሥር የሌለው ሣር ግን አፈሩ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። በጉዪጆ ሊቦ ወረዳ ያለው የማውላን ደን ለዚህ ምስክር ነው። አፈር እዚህም እዚያም እፍኝ እፍኝ ብቻ ባለበት ድንጋይ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ቆሟል። ማንም አልተከለውም። ማንም አልቆረጠውም።

ድንጋይ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ገጦ የወጣ ድንጋይ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ዝናብ ሲመታው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ውሃውን አንሸራትቶ ሥሩ ወዳለችው አፈር ያወርደዋል። ከድንጋዩ ግርጌ ያለ አፈር የራሱንም የድንጋዩንም ዝናብ ያገኛል። ከሰዓት በኋላ ጥላም ሊያገኝ ይችላል። በአንድ እርምጃ ልዩነት አንዱ ጉድጓድ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። እርጥበት የሚለካው አፈር ወስዶ፣ መዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ ለአንድ ቀን አድርቆ፣ እንደገና በመመዘን ነው። ዘዴው ቀላል ነው። የት ቦታ እንደሚቆፈር መወሰኑ ግን የኖራ ድንጋይ አገር ላይ ትልቅ ራስ ምታት ነው። የጥናቶች ውጤት ከሚለያይባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የቴክሳስ ጥድ

በአሜሪካ ቴክሳስ ኤድዋርድስ የሚባል የኖራ ድንጋይ አምባ አለ። እዚያ ያለው ክርክር የእኛን ይመስላል። የሚከሰሰው ዛፍ ባህር ዛፍ ሳይሆን ጥድ ነው፣ የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ። ከብት አርቢዎቹ "ጥዱ በዛ፣ ምንጩ ጠፋ" ይሉ ነበር።

በ1969 ጄ. ዴቪድ ባምበርገር የሚባል በዶሮ ጥብስ ንግድ የከበረ ሰው እዚያ ከሁሉ የተጎሳቆለ መሬት ፈልጎ ገዛ። እየጨመረ ሄዶ ይዞታው 2,200 ሄክታር ገደማ ደረሰ። ሰባት ጉድጓድ እያንዳንዳቸውን 150 ሜትር ያህል አስቆፍሮ አንዱም ውሃ አልሰጠውም። ጥዱን በሰፊው አስመነጠረና የአገሩን ሣር ዘራበት። ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ምንጭ ብቅ አለ። ይህን የሰማ ሁሉ "በቃ፣ ጥፋተኛው ዛፉ ነው" ማለቱ አይገርምም።

በ2010 ግን በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ብራድፎርድ ዊልኮክስ ከባልደረባቸው ጋር የአካባቢውን ትልልቅ ወንዞች የረጅም ዘመን መዝገብ አገላብጠው ያልተጠበቀ ነገር አወጡ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ዛፍና ቁጥቋጦ ተስፋፍቷል። ዝናቡ ያን ያህል አልተለወጠም። ከመሬት ውስጥ ተጣርቶ ወደ ወንዝ የሚገባው ውሃ ግን አልቀነሰም፣ እንዲያውም በእጥፍ አድጓል። ለምን? ቀደም ሲል መሬቱ ከመጠን በላይ በከብት፣ በበግና በፍየል ተግጦ ተራቁቶ ነበር። በኋላ የከብቱ ብዛት ቀነሰ፣ የአፈሩ ቆዳ አገገመ፣ ውሃ መግባት ጀመረ።

የባምበርገር መሬትና የዊልኮክስ ወንዞች የሚጣሉ ይመስላሉ። በእኔ እምነት አይጣሉም። ባምበርገር ጥዱን ቆርጦ መሬቱን ባዶ አልተወውም። ሣር አለበሰው። ወንዞቹ የጨመሩትም ዛፍ ስለበዛ ሳይሆን የአፈሩ ፊት ስለዳነ ነው። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ለውጥ ያመጣው ከጉልበት በታች ያለው ነገር ነው። ሣሩ፣ የረገፈው ቅጠል፣ ያልተረገጠው አፈር። ከላይ ያለው ዛፍ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ደጉዓ ተምቤን

አሁን ወደ አገር ቤት። ከመቀሌ በስተ ምዕራብ፣ በሐገረ ሰላም ዙሪያ፣ ደጉዓ ተምቤን አለ። ከላይ ባዛልት፣ ከታች የኖራ ድንጋይ ያለበት ተራራማ አገር ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተጨናንቆ ይወርዳል። ሕዝቡ ለዓመታት በነፃ ጉልበት የድንጋይ እርከን ሠርቷል፣ ብዙ ተዳፋትም ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አድርጎ ከልሏል። ብዙ ቦታ ላይ ከመትከል የበለጠ የተደረገው መተው ነው። ከብት አይገባም፣ ሣሩ እየታጨደ ይወሰዳል፣ ግራሩ፣ ክትክታውና ወይራው ራሱ ይመጣል።

የቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚያ ለዓመታት ጎርፍ ለክተዋል። ካገኙት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው አንድ ቁጥር ነው። ተዳፋቱ በተክል የተሸፈነው መጠን 65 በመቶ ሲያልፍ የሚወርደው ጎርፍ ከቁጥር የማይገባ ሆነ። ትልልቅ ዛፍ አልጠየቀም፣ መሸፈን ብቻ። ሣርም፣ ቁጥቋጦም፣ እንክርዳድ የሚመስለውም ይቆጠራል። አንድ ተጨማሪ ነገርም ታየ። የተከለሉት ቦታዎች የሚያስገቡት ውሃ የራሳቸውን ዝናብ ብቻ አልነበረም። ከበላያቸው ካለው ከተራቆተው መሬት የሚመጣውን ጎርፍም ይዘው ያሰርጉት ነበር። ስለዚህ የተከለለው ቦታ ተዳፋቱ ላይ የት እንደተቀመጠ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ማይ ዘግዘግ የምትባል 187 ሄክታር ተፋሰስ ውስጥ በፈረንጆቹ 2004 ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተሠራ። እርከን፣ የቦረቦር ክትር፣ ከአጨዳ በኋላ ልቅ ግጦሽን ማቆም፣ ገደላማውን ለተክል መተው። በ2006 ሲለካ በጎርፍ መልክ የሚወጣው ውሃ በ81 በመቶ ቀንሶ ነበር። የጉድጓድ ውሃው ከክረምት በኋላ የሚነሣበት መጠንም ከበፊቱ በጣም ጨምሮ ተገኘ። ተክሉ የበለጠ እየጠጣ፣ ውሃው ግን አልጎደለም። ቀድሞ በጎርፍና በባዶ ትነት ይባክን የነበረው ነው ለተክሉም ለጉድጓዱም የተዳረሰው።

ይህ ሁሉ አርሶ አደሩ በእጁ የሠራው መሆኑን ሳስብ ልቤ ይሞላል። በኋላ በጦርነቱ ዓመታት ማገዶ ያጣ ሰው ያገገመውን ቁጥቋጦ ሲቆርጥ መኖሩን መስማት ደግሞ የዚያኑ ያህል ያማል። የተራበና የበረደው ሰው አይፈረድበትም።

ታዲያ እንዴት እንትከል?

ለኖራ ድንጋይ ተዳፋት የእኔ ምክር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። እኛ በልማድ ጉድጓድ ቆፍረን ችግኝ እንተክላለን፣ ከዚያ ከብት እንዳይበላው እንጨነቃለን። እዚህ ግን መጀመሪያ ከብቱ ይውጣ። አንድ ሁለት ክረምት ሣሩ ይነሣ። ሣሩ ከሞላ በኋላ የሚተከል ዛፍ የሚጠብቀው አፈር ሌላ ነው። በሚተከልበትም ጊዜ ዙሪያውን ልጦ ማጽዳት መልካም አይደለም። ችግኟ የምትቆምበትን ቦታ ብቻ መክፈት፣ የተነቀለውንም ሣር መልሶ አፈሩ ላይ መጎዝጎዝ ይበቃል። ቦታ ሲመረጥ የድንጋዩን ግርጌ አትለፉት። እዚያ የሚንሸራተተው ውሃ በነፃ የተገኘ መስኖ ነው።

ዝርያውን በተመለከተ የአገሩን ቁጥቋጦ አትናቁ። ክትክታና ወይራ፣ ግራርና ደደሆ ስስ አፈርን ያውቁታል። ጎን ለጎን የተለያየ ጥልቀት ያለው ሥር ሲኖር ሁሉም ከአንድ ዕቃ አይጠጣም። ባህር ዛፍን ጠላት አላደርገውም። ስንቱ ቤት የቆመው፣ ስንቱ ልጅ የተማረው በእሱ ገንዘብ ነው። ግን ከምንጭ በላይ ባለ ስስ የኖራ ድንጋይ አፈር ላይ፣ ተጠጋግቶ፣ ሥሩ ሣር ሳይኖረው መተከል የለበትም። ወፍራም አፈር ያለበት ሌላ ቦታ አይጠፋለትም። ችግኝ ማጠጋጋትም እንደዚሁ ነው። 45 ሚሊ ሜትር ውሃ ለአራት ዛፍ ሲካፈል አራቱም ይቀጭጫሉ።

ደግሞ ምን እንደምንቆጥር ብናስብበት። ስንት ተተከለ እንላለን። ትንሽ ጠንከር ያልን ቀን ስንት ጸደቀ እንላለን። ስለ ውሃው የሚነግረን ግን ሌላ ነው። ዝናቡ ባቆመ በአሥረኛው ቀን በአካፋ አንድ ስንዝር ቆፍሩ። አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት። ተያይዞ ከቆመ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ከጣቶቻችሁ መሐል ከፈሰሰ ደግሞ ገና ነው። ከተከለለውና ካልተከለለው ጎን ለጎን ውሰዱ፣ በየዓመቱ ያው ቦታ፣ በያው ቀን። ከተዳፋቱ ግርጌ ምንጭ ካለ ደግሞ መጋቢት ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሥሩ አስቀምጡና በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በስልካችሁ ያዙት። ቁጥሩን ጻፉት። የሚቀጥለው መጋቢት ላይም እንደገና።